ናርኒያ፦ በየትኛው መጽሐፍ እንጀምር? የትኛውን ፊልም እናሳይ? ከጀርባውስ እነማን አሉ?

ንባብ_ቤት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከ9 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች የንባብ ክበብ በሲ.ኤስ. ሉዊስ የናርኒያ መጻሕፍት ሊጀመር ነው። ልጆቹ መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ያነባሉ፣ ከዚያ የተሠራለትን ፊልም ያያሉ።

የሚያከራክረን ብዙ ነው። በእጃችን ባለው ኅትመት ላይ 1 ቁጥር የተጻፈበት «የአስማተኛው የእህት ልጅ» ነው፤ ፊልሙ ግን የሚጀምረው «አንበሳው፣ ጠንቋይዋና ቁም ሳጥኑ» ብሎ ነው። የትኛው ይቅደም? የቢቢሲም፣ የዲዝኒም፣ የካርቱንም አለ ይባላል፤ የሠሯቸው እነማን ናቸው? ለመጽሐፉ የሚቀርበውስ የቱ ነው? መጻሕፍቱ ሰባት ሆነው ፊልሙ ሦስት ላይ ለምን ቆመ? ደራሲው ራሱስ ፊልም እንዲሠራ ፈቅዶ ነበር?

ቀለም_ቀንድ

«አንበሳው» ይቅደም። ያ 1 ቁጥር የመጣው ከአሳታሚው ነው። ሃርፐርኮሊንስ በ1994 የአሜሪካውን ኅትመት ሲረከብ መጻሕፍቱን በናርኒያ የዘመን ቆጠራ መሠረት ደረደራቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ለአንባቢ የደረሱበት ቅደም ተከተል ሌላ ነው፤ «አንበሳው» 1950፣ «ልዑል ካስፒያን» 1951፣ «የዶውን ትሬደር ጉዞ» 1952፣ «የብር ወንበር» 1953፣ «ፈረሱና ልጁ» 1954፣ «የአስማተኛው የእህት ልጅ» 1955፣ «የመጨረሻው ጦርነት» 1956። የተጻፉበት ደግሞ ከዚህም ይለያል፤ «ፈረሱና ልጁ» ከ«የብር ወንበር» በፊት አልቆ ነበር፣ «የአስማተኛው የእህት ልጅ» ደግሞ ቀድሞ ተጀምሮ ከሁሉም በኋላ ነው የተቋጨው።

የዘመን ቅደም ተከተል ደጋፊዎች አንድ ደብዳቤ ይጠቅሳሉ። በ1957 አንድ አሜሪካዊ ልጅ ከእናቱ ጋር በዚሁ ጉዳይ ተከራክሮ ለሉዊስ ጻፈ፤ ሉዊስም ከእናትህ ይልቅ ካንተ ጋር እስማማለሁ ብሎ መለሰለት። ጠቃሾቹ እዚያ ላይ ያቆማሉ። ደብዳቤው ግን ይቀጥላል፤ ተከታታዩን አስቀድሜ አላቀድኩትም፣ «አንበሳው»ን ስጽፍ ሌላ እጨምራለሁ ብዬ አላሰብኩም፣ ምናልባት ቅደም ተከተሉ ያን ያህል ለውጥ የለውም ይላል። ለአንድ ልጅ የተሰጠ ደግ መልስ ነው እንጂ ለአሳታሚ የተሰጠ መመሪያ አይመስለኝም።

ለክበባችሁ የሚሆነው ምክንያት ግን ከደብዳቤው ይልቅ ከመጽሐፉ ውስጥ ነው የሚገኘው። በ«አንበሳው» የአንበሳው የአስላን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ተራኪው ለአንባቢው፣ ልጆቹ አስላን ማን እንደሆነ ከአንተ የበለጠ አያውቁም ይለዋል። «የአስማተኛው የእህት ልጅ»ን ያነበበ ልጅ ግን አስላን ዓለምን በዝማሬ ሲፈጥር አይቷል፤ ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ውሸት ይሆንበታል። በበረዶው መሐል ያለው የመንገድ መብራት ከየት እንደመጣ፣ ሽማግሌው ፕሮፌሰር ማን እንደሆኑ፣ ቁም ሳጥኑ ከምን እንጨት እንደተሠራ ሁሉ አስቀድሞ ያውቃል። እንቆቅልሹ ሳይጠየቅ መልሱ ተነገረው ማለት ነው። ስለዚህ በወጡበት ቅደም ተከተል ሂዱ፤ «የአስማተኛው የእህት ልጅ» ስድስተኛ ሲመጣ ልጆቹ ራሳቸው «ለካ!» ይላሉ።

ልኩን ለማወቅ ያህል፣ «አንበሳው» 17 ምዕራፍ ነው። አንዱ ምዕራፍ ድምፅ ተሰምቶ ሲነበብ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል። ሰባቱ ተደምረው 110 ምዕራፍ ይሆናሉ።

ስለ ሰውየው ባጭሩ። ክላይቭ ስቴፕልስ ሉዊስ በ1898 ቤልፋስት ተወለደ፤ ወዳጆቹ ጃክ ነበር የሚሉት። ከ1925 እስከ 1954 ኦክስፎርድ ሞድሊን ኮሌጅ አስተማረ፣ ከዚያ ወደ ኬምብሪጅ ተዛወረ። ጃንጥላና ጥቅል ይዞ በበረዶ ጫካ የሚሄድ ግማሽ ሰው ግማሽ ፍየል የሆነ ፍጡር ገና በ16 ዓመቱ በሐሳቡ ተሥሎበት ነበር። በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ከለንደን የተሰደዱ ሕፃናት ቤቱ አርፈው ነበርና የታሪኩ መነሻ ከዚያ ነው። መጽሐፉ ግን እስከ 1949 አላለቀም። ረቂቁን የ«ቀለበቶቹ ጌታ» ደራሲ ወዳጁ ቶልኪን አልወደደለትም፤ «ቀጥል» ያለው ጸሐፊው ሮጀር ላንሰሊን ግሪን ነው፣ «የናርኒያ ዜና መዋዕል» የሚለውን የተከታታዩን ስም ያወጣውም እሱው። መጽሐፉ የተበረከተላት ሉሲ ባርፊልድ የወዳጁ የኦወን ባርፊልድ ልጅና የራሱ የክርስትና ልጅ ናት፤ በመጽሐፉ ያለችው የሉሲ ስም ከእሷ ነው።

ካሜራ_ጀርባ

ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር፣ የቀሩት ከሱ ይፈታሉ። ሉዊስ በተዋናይ የሚሠራ የቴሌቪዥን ናርኒያ አይፈልግም ነበር። በታኅሣሥ 1959 የቢቢሲ ሬዲዮ አዘጋጅ ለነበረው ለላንስ ሲቪኪንግ ሲጽፍ፣ የሚናገር እንስሳ ከጽሑፍ ወጥቶ በዓይን ሲታይ ወይ መሣቂያ ወይ ቅዠት ይሆናል አለ፤ ሰው የአንበሳ ልብስ ለብሶ አስላንን መጫወቱ ደግሞ ለእሱ ድፍረት፣ በፈጣሪ ላይ መሳለቅ ነበር። ሬዲዮን ተቀብሏል። ካርቱን ቢሆን ሌላ ነገር ነው ብሏል፤ የዲዝኒን ችሎታ እያደነቀ ጣዕሙን ግን እያማረረ። ዲዝኒ በ2005 ፊልሙን ማከፋፈሉ እንግዲህ የታሪክ ቀልድ ነው።

ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሁሉ «አንበሳውን በምን እንሥራው?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው፤ ስትመርጡም በዚያ መዝኑት።

ሉዊስ በኅዳር 1963 ካረፈ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1967፣ በእንግሊዝ አይቲቪ አሥር ክፍል ታየ። አብዛኛው ቅጂ ጠፍቶ ሁለት ክፍል ብቻ ተርፏል፣ ስለዚህ እሱን እርሱት። በ1979 «ፒነትስ»ን በካርቱን የሠራው ቢል ሜሌንዴዝ «አንበሳው»ን ለአሜሪካው ሲቢኤስ በሁለት ምሽት አቀረበው፤ ኤሚ ሽልማትም አገኘ። ቁመቱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ሥዕሉ ዛሬ ላለ ልጅ ደረቅ ነው፣ አካሄዱ ግን ከመጽሐፉ ብዙም አይርቅም።

የቢቢሲው ከ1988 እስከ 1990 በሦስት ዙር ወጣ። አዘጋጁ ፖል ስቶን፣ ጸሐፊው አለን ሲመር፣ ሙዚቃው የጀፍሪ በርገን ነው። «አንበሳው» 6 ክፍል፣ ቀጥሎ «ካስፒያን» በ2 እና «ዶውን ትሬደር» በ4 ክፍል፣ መጨረሻ «የብር ወንበር» በ6። አንዱ ክፍል ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ይህ ለክበብ ትልቅ ጥቅም ነው፣ በግምት ሦስት ምዕራፍ አንብቦ አንድ ክፍል ማየት ይቻላል። አስላን ውስጡ ሰዎች ገብተው የሚያንቀሳቅሱት ትልቅ አሻንጉሊት ነው፤ ድምፁ የሮናልድ ፒከፕ። ፊቱ ያምራል፣ ሲራመድ ግን ይከብዳል፤ ዳይሬክተሮቹም ይህን አውቀው ብዙውን ጊዜ አቁመው ነው የሚያናግሩት። ቢቨር የሚባሉት የሚናገሩ የወንዝ እንስሳት የእንስሳ ልብስ የለበሱ ሰዎች ናቸው፤ እዚህ ላይ ሉዊስ የፈራው በትክክል ደርሷል። የሚበሩት መናፍስት ደግሞ በእጅ ተሥለው ምስሉ ላይ የተደረቡ ናቸው፤ ልጆች እዚያ ላይ ሊስቁ ይችላሉና ዘዴውን አስቀድሞ መንገር ይረዳል። በንግግርና በሁነት ቅደም ተከተል ግን ለመጽሐፉ የሚቀርበው ይሄው ነው። «የብር ወንበር»ን በስክሪን የምታገኙትም እዚህ ነው፤ ቶም ቤከር ፑድልግለም የተባለውን ያን ጨለምተኛ ገጸ ባሕርይ ሆኖ የሠራው ሥራ ለብቻው ይበቃል።

2005። ገንዘቡ የቢሊየነሩ የፊሊፕ አንሹትዝ ኩባንያ የዋልደን ሚዲያና የዲዝኒ፣ ዳይሬክተሩ በ«ሽሬክ» የታወቀው የኒውዚላንድ ተወላጅ አንድሩ አዳምሰን። አስላን በኮምፒውተር ተሠራ፤ የሠራው ሪትም ኤንድ ሂዩዝ የተባለ የኮምፒውተር ምስል ኩባንያ፣ ድምፁ ሊያም ኒሰን። የማይመስለው አንበሳ የሚመስል የሆነው ያኔ ነው። ጸጉሩ በንፋስ ይንቀሳቀሳል፣ ክብደቱ መሬት ላይ ይታያል፣ ከንፈሩ ደግሞ እንደ ሰው አይንቀሳቀስም፤ ንግግሩን የሚሸከሙት ዓይኑና ጉሮሮው ናቸው። የፍየል እግር ላለው ለታምነስ ጀምስ መካቮይ ከወገቡ በታች አረንጓዴ ሱሪ ለብሶ ተቀረጸ፣ እግሩ በኋላ ተተካ፤ ጆሮና ቀንዱ ግን በእጅ የተሠሩ ናቸው። ለሜካፑ ሃዋርድ በርገርና ታሚ ሌን ኦስካር ወሰዱ። ጦርና ጋሻው የዌታ ወርክሾፕ ነው። የልብስ ነዳፊዋ አይሲስ ሙሰንደን ለጠንቋይዋ የሠራችውን የበረዶ ዘውድ ልጆቹ ይከታተሉት፤ ኃይሏ ሲቀንስ ዘውዱም እየቀለጠ ያጥራል። ሉሲን የተጫወተችው ጆርጂ ሄንሊ በረዶው ጫካ ስትገባ የምታሳየው መገረም እውነተኛ ነው፤ የመቅረጫ ቦታውን አስቀድማ እንዳታይ ዓይኗን ሸፍነው ነው ያስገቧት።

ልዩነቱን ከፈለጋችሁ፦ የለንደኑ የቦምብ ድብደባ መክፈቻ በመጽሐፉ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በረዶው ወንዝ ላይ የሚሰነጠቅበት ትዕይንት ጭራሽ የለም። የመጨረሻው ውጊያ በመጽሐፉ በጣም አጭር ነው፣ ምክንያቱም ሱዛንና ሉሲ ከአስላን ጋር ስለነበሩ የደረሱት ሊያልቅ ሲል ነው። አዳምሰን ገጹን ሳይሆን በልጅነቱ አንብቦ የቀረበትን ትዝታ ነው የቀረጸው፤ ራሱም ብሎታል።

ሳንቲም_ቆጣሪ

ሦስት ላይ ለምን ቆመ? ቁጥሩን ተመልከቱ። «አንበሳው» 180 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ ወደ 745 ሚሊዮን አስገባ። «ካስፒያን» ወጪው 225 ሚሊዮን፣ ገቢው ወደ 420 ሚሊዮን። ትርፍ ይመስላል፤ ግን ሲኒማ ቤቶቹ ከትኬቱ ግማሽ ያህሉን ይይዛሉ፣ የማስታወቂያው ወጪም በ225ቱ ውስጥ የለም። ሲቀናነስ የቀረው ስቱዲዮን የሚያስደስት አይደለም።

ጥፋቱ በከፊል የጊዜ ምርጫ ነው። የመጀመሪያው የወጣው በታኅሣሥ 2005 ነው፤ በረዶ፣ ስጦታ፣ የገና አባት፣ ሁሉም ከወቅቱ ጋር ይሄዳል። ሁለተኛውን ግን በግንቦት 2008 «አይረን ማን» ከወጣ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ «ኢንዲያና ጆንስ» ሊወጣ አንድ ሳምንት ሲቀረው መሐል ጣሉት። ይዘቱም ጠቁሯል። ቤተ መንግሥቱን በሌሊት የሚወርሩበት ረጅም ትዕይንትና የሱዛንና የካስፒያን ፍቅር መጽሐፉ ውስጥ የሉም። በመጀመሪያው የተደሰቱ ቤተሰቦች ትንንሾቹን ይዘው አልተመለሱም፤ በአሜሪካ ብቻ ገቢው ከ291 ወደ 141 ሚሊዮን ወረደ።

ዲዝኒ በ2008 መጨረሻ ወጣ፣ ሌላው ስቱዲዮ ፎክስ ገባ። ማይክል አፕትድ «ዶውን ትሬደር»ን አውስትራሊያ ውስጥ ባነሰ በጀት ሠርቶ በታኅሣሥ 2010 አወጣው፤ ወደ 415 ሚሊዮን ገባ፣ በአሜሪካ ግን 104 ብቻ። መጽሐፉ ከደሴት ደሴት የሚዘል ጉዞ ስለሆነ አንድ ጠላት የለውም፤ ጸሐፊዎቹ አረንጓዴ ጭጋግና ሰባት ሰይፍ የመሰብሰብ ሥራ ፈጥረው ሊያያይዙት ሞከሩ። እኔ ያልጣመኝ እሱ ነው። የተበተነ ታሪክ መበተኑ ነበር ውበቱ።

በ2011 የዋልደን ውል አለቀና መብቱ ወደ ሲ.ኤስ. ሉዊስ ካምፓኒ ተመለሰ። ከዚያ ማርክ ጎርደን «የብር ወንበር»ን ሊሠራ ተነሳ፣ ዴቪድ መጊ ጻፈ፣ ጆ ጆንስተን ዳይሬክተር ተባለ፣ ሳይቀረጽ ቀረ። በጥቅምት 2018 ኔትፍሊክስ የሰባቱንም መጻሕፍት መብት ወሰደ፤ ሰባቱ በአንድ እጅ ሲገቡ ያኔ የመጀመሪያው ነው። ሥራው ለዳይሬክተር ግሬታ ገርዊግ ተሰጠ፤ እሷም የጀመረችው በ«የአስማተኛው የእህት ልጅ» ነው። ቀለም_ቀንድን የሚያናድድ ምርጫ!

ሌላው እንቅፋት ዕድሜ ነው። ፒተርና ሱዛን በ«ካስፒያን» መጨረሻ፣ ኤድመንድና ሉሲ በ«ዶውን ትሬደር» መጨረሻ «ከእንግዲህ አትመለሱም» ይባላሉ። አራቱን ልጆች የወደደ ተመልካች ለአራተኛው ፊልም የሚጠብቀው ዘመዳቸውን ዩስታስን ብቻ ነው። እሱን የተጫወተው ዊል ፖልተር ደግሞ በ1993 የተወለደ ነው፤ ውሉ ሲጓተት አደገ።

ንባብ_ቤት

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልን። ሁለት ነገር ልጨምር። ከተሰበሰቡት ቅጂዎች በአንዳንዱ የጠንቋይዋ ተኩላ ሞግሪም ይባላል፣ በሌላው ፌንሪስ ኡልፍ። የኅትመት ስሕተት ነው? ደግሞ ዳግላስ ግሬሻም የሚባል ስም በሁሉም ፊልም ላይ አለ፤ ማነው?

ቀለም_ቀንድ

ስሕተት አይደለም። ሉዊስ የአሜሪካውን የመጀመሪያ ኅትመት ማረሚያ ሲያይ ራሱ ነው የለወጠው፤ ከ1994 በፊት የታተሙ የአሜሪካ ቅጂዎች ፌንሪስ ኡልፍ ይላሉ። ከዚያ ወዲህ በሁሉም አገር የእንግሊዙ ጽሑፍ ነው የሚታተመው፣ ቢቢሲውም ፊልሙም ሞግሪም ይላሉ። ድምፅ እያወጡ በተራ ሲያነቡ መሐል ላይ ክርክር ይነሳልና ቅጂዎቹን አስቀድማችሁ ለዩ። ትልቁ ልዩነት በ«ዶውን ትሬደር» 12ኛ ምዕራፍ መጨረሻ፣ ጨለማው ደሴት ላይ ነው፤ እዚያ አንቀጾች ናቸው የሚለያዩት።

ግሬሻም የሉዊስ የእንጀራ ልጅ ነው። እናቱ አሜሪካዊቷ ባለቅኔ ጆይ ዴቪድማን በ1956 ሉዊስን አገባች፣ በ1960 በካንሰር አረፈች። «ፈረሱና ልጁ» የተበረከተው ለእሱና ለወንድሙ ለዴቪድ ነው። በሦስቱም ፊልሞች ከአዘጋጆቹ አንዱ ነበር፤ በመጀመሪያው ልጆቹ ሲሰሙት የነበረው የሬዲዮ ዜና አንባቢ ድምፅ የሱ ነው።

ሥዕል_ቤት

አንድ ሰው ተረሳ፤ የመጻሕፍቱ ሠዓሊ ፖሊን ቤይንስ። በ1922 ተወለደች፤ በ1949 የቶልኪንን አንድ አጭር መጽሐፍ ሥላ ነበርና ሉዊስ ያወቃት በዚያ በኩል ነው። ሰባቱንም ሣለች፣ ካርታውንም እሷው። ለሥራዋ የተከፈላት ቁርጥ ዋጋ ስለነበር መጻሕፍቱ በሚሊዮን ሲሸጡ ድርሻ አልነበራትም። ሉዊስ ለሌሎች ሲያወራ የአንበሳ አሣሣሏን ይተች ነበር፤ «የመጨረሻው ጦርነት» የካርኔጊ ሜዳሊያ ሲያገኝ ግን ሜዳሊያው የጋራችን ነው ብሎ ጻፈላት። ስትገዙ የእሷ ሥዕል ያለበትን ምረጡ፤ ርካሾቹ ቅጂዎች አንዳንዶቹ ሥዕሉን አውጥተው የፊልም ፎቶ ሽፋን ብቻ ያስቀምጣሉ።

ልጆቹ አንበሳ ለምን ሆነ ብለው ይጠይቃሉ። ሉዊስ በ1961 ለአንዲት ልጅ ሲመልስ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ ክርስቶስ በመጽሐፍ ቅዱስ የይሁዳ አንበሳ መባሉ ነው። ራእይ 5፥5 ማለት ነው። ሞዓ አንበሳን በሳንቲምና በሐውልት ለሚያውቅ ልጅ ይህን ማስረዳት አይከብድም።

ማስጠንቀቂያም አለኝ። «ፈረሱና ልጁ»ና «የመጨረሻው ጦርነት» ውስጥ ያሉት ካሎርመኖች ጥቁር መልክ ያላቸው፣ ጥምጥም የሚጠመጥሙ፣ አብዛኛውን ጊዜም ጨካኝ ተደርገው የተሣሉ ሕዝብ ናቸው። በመጨረሻው መጽሐፍ ድንኮቹ በቆዳ ቀለም ይሳደባሉ። አራቪስና ኤሜት የሚባሉት የከበሩ ካሎርመኖች ሚዛኑን በጥቂቱ ይመልሳሉ፣ ግን ሐበሻ ልጅ፣ በተለይም ሙስሊም ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥ አዋቂ ሳይኖር አይነበብም። ገጾቹን አስቀድማችሁ አንብቡና ውይይቱን አዘጋጁ፤ ዝም ብሎ መዝለሉ አይጠቅምም፣ ልጅ የተዘለለውን ነው ፈልጎ የሚያነበው።

ካሜራ_ጀርባ

የሥዕል_ቤትን ማስጠንቀቂያ እደግፋለሁ። በነገራችን ላይ እነዚያ ሁለቱ መጻሕፍት በዋልደን ዘመንም በቢቢሲ ዘመንም ለስክሪን አልበቁም። ለእነሱ ድምፅ ተጠቀሙ። ብራየን ሲብሊ ለቢቢሲ ሬዲዮ 4 ሰባቱንም በድራማ አዘጋጅቷቸዋል፤ ፎከስ ኦን ዘ ፋሚሊ የተባለው የአሜሪካ ክርስቲያናዊ ድርጅት ደግሞ ከ1998 እስከ 2002 ሰባቱንም ለንደን ውስጥ ቀርጿል፣ ተራኪው ፖል ስኮፊልድ፣ አስላን ዴቪድ ሱሼ። የሁለተኛው ድምፅ ጥራት ይሻላል፣ እንግሊዝኛውም ለልጆቹ ይቀላል።

ለፊልም ቀን ሰዓቱን አስሉ፤ «አንበሳው» 143 ደቂቃ፣ «ካስፒያን» 150፣ «ዶውን ትሬደር» 113። የመጀመሪያውን ለሁለት ከከፈላችሁት የድንጋይ ጠረጴዛው ትዕይንት ላይ አታቋርጡ። የ9 ዓመት ልጅ አስላን ታስሮ ሲገደል አይቶ ወደ ቤቱ መሄድ የለበትም፤ ኤድመንድ ከጠንቋይዋ እጅ ነጻ ወጥቶ ከወንድሙና ከእህቶቹ ጋር የሚታረቅበት ላይ ቁረጡት።